ዳቦው ከወጣ በኋላ

«ልጅ ናት እኮ፤ እህቴ ሆና ምን ልበላት?» ሲባል ብልጭ የሚሏት በያጅ የሰማችው ጥርሷን እየቦረሸች ነበር። እሷ የምትተኛበትን ሳሎን ከእህቷ መኝታ ክፍል የሚለየው አንድ ስስ የችፑድ ግድግዳ ነው፤ በዚያ ቤት ምስጢር ያለው ሰው ወይ ግቢ ይወጣል፣ ወይ አፉን ይዘጋል። እትዬ ግን ስልክ ስታወራ ያንሾካሾከች ይመስላታል እንጂ ጎረቤት ሁሉ ይሰማታል። «አንተ ከምሳ በኋላ የብየዳ ማሽንህን ይዘህ ወደ ጀልባው ና» አለች ከግድግዳው ወዲያ። «እሷን የብየዳ ኤሌክትሮድ ግዢ ብዬ ከተማ እልካታለሁ። ኤሌክትሮድ መምረጥ ከጀመረች ደግሞ ቶሎ አትመለስም፤ እንደ ሙሽራ ቀሚስ ነው የምታማርጠው። የታችኛውን ስፌት ጀምረህ ካገኘችህ ምን ታደርጋለች? አኩርፋ ትተወዋለች።» ብልጭ አፏ ውስጥ ያለውን አረፋ መትፋት ረስታ ቆመች።

ብልጭ የሚለውን ስም ያወጣላት ሰፈሩ ነው። ግቢ ውስጥ በር ስትበይድ በአጥሩ ቀዳዳ ብልጭ ብልጭ የሚለውን ብርሃን እያዩ ይጠሯት ጀመር፤ ስሙ እዚያው ላይዋ ላይ ቀረ። በር፣ መስኮት፣ የውሃ ታንከር፣ የጭነት መኪና ሻንሲ ሳይቀር በይዳለች። ጀልባ ግን የመጀመሪያዋ ነው። ጀልባው የእትዬ ነው። እትዬ ከሐይቁ ማዶ ሽንኩርትና ከሰል እያመጣች ስትነግድ፣ በሰው ጀልባ ላይ ቦታ መለመን እጅ እጅ ብሏት ነው ላሜራውን የገዛችው። ሐይቁ ዳር የጀልባውን አጥንቶች ብልጭ አቆመች፤ ላሜራውንም ጎንብሳና ተንጋላ በነጥብ በነጥብ አያያዘችው። የቀረው ዋናው ነው፤ ሁለቱ ወፋፍራም ላሜራዎች ከሥር የሚገናኙበት፣ ጀልባው አንዴ ሐይቅ ከገባ በኋላ ማንም ጎንበስ ብሎ የማያየው ስፌት።

ቁርስ ላይ የእትዬ ሁለት ሴት ልጆች በማርማላታው ይነታረካሉ። እትዬ የጠረጴዛውን ፍርፋሪ በእጇ እየሰበሰበች፣ ዓይኗን ከፍርፋሪው ሳታነሳ፣ «ያንን ስትይ የከረምሽውን ኤሌክትሮድ ዛሬ ሂጂና ግዢው፤ ረጋ ብለሽ ምረጪ» አለቻት። ብልጭ «እሺ» አለች። «ሰምቼሻለሁ» የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ድረስ መጥቶ ከሻዩ ጋር ተመልሶ ወረደ። እናታቸው ስትሞት ያሳደገቻት እትዬ ናት፤ በያጅ እሆናለሁ ስትል ዘመድ አዝማዱ ሲስቅባት የመጀመሪያውን የብየዳ ማስክ የገዛችላትም እትዬ ናት። እንዲህ ያለ ሰው ላይ ቁጣ በየት በኩል ይጀመራል? ደግሞም ስፌቱን ማንም ይስፋው ማን፣ ኤሌክትሮዱ መገዛቱ አይቀርም። ቶሎ ገዝታ ከምሳ በፊት ከደረሰች ሰውየው ሲመጣ ሥራው ላይ ያገኛታል። ይህን አሰበችና ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሳች። «ምን ያስቸኩልሻል?» አለች እትዬ። «ምንም» አለች። ልጆቹ እንኳ ማርማላታውን ትተው ተራ በተራ አዩዋቸው።

የብረታ ብረት ሱቁ ጠባብና ረጅም ነው፤ ከደጅ ሲገቡ ምስማር፣ መሀል ላይ ማጠፊያና ቁልፍ፣ መጨረሻው ጨለማ ውስጥ ኤሌክትሮድ፣ እየቀለጠ ብረት ከብረት የሚያያይዘው ዘንግ። ባለሱቁ ያውቃታል። ገና ሳትጠይቀው በርና አጥር የሚሠራበትን ተራውን ኤሌክትሮድ አንስቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠላት። «ይሄን ውሰጂ፤ እንደ ቅቤ ነው የሚሄደው። የነካሽው ሁሉ ያምርልሻል።»

«ማማሩን አልፈለግሁትም ጋሼ፤ ለጀልባ ነው።»

«ጀልባስ ቢያምር ምን አለበት?»

«ሰባ አሥራ ስምንት የለህም?» አለችው። ሰውየው ተነፈሰ። በቁጥሩ ሰባ አሥራ ስምንት የሚሉት ኤሌክትሮድ ለወፍራም ብረት የሚመረጥ ነው፤ ሞገድ ሲደበድበው የማይሰነጠቅ ስፌት ይሠራል። ጠባዩ ግን አስቸጋሪ ነው። እንደ ጨው እርጥበት ይስባል። እርጥብ ሆኖ ከተበየደበት ላዩ እያማረ ውስጡ ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል። በዚያ ላይ ዋጋው ከተራው እጥፍ ስለሆነ ብዙ ገዢ የለውም፤ ለዚህም ነው ባለሱቁ ከታችኛው መደርደሪያ፣ ላብ ያወጣ ከሚመስለው ግድግዳ ሥር ጎትቶ ያወጣላት። ካርቶኖቹ ዳርና ዳራቸው አብጧል። ብልጭ ከአንዱ ሁለት ኤሌክትሮድ መዝዛ ጆሮዋ አጠገብ አጋጨቻቸው። ደረቅ ኤሌክትሮድ እንደ ብርጭቆ ይጮኻል፤ እነዚህ ግን እንጨት ከእንጨት እንደተመታ ደፍ ደፍ አሉ። ከሌላው ካርቶን መዘዘች፤ ደፍ ደፍ። ከሌላውም።

«ሙዚቃ ነው እንዴ የምትገዢው?» አለ ባለሱቁ።

«ሌላ የለም?»

«ዕቃ የሚመጣው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ወይ በሚቀጥለው ወር። መኪናው ሲመጣ መጣ ይባላል እንጂ አይታወቅም።»

በመጨረሻ ከሁሉም ኋላ አንድ ካርቶን ተገኘ፤ ውስጠኛው ላስቲክ ጥግ ላይ ብቻ የተቀደደ። አጋጨቻቸው። ጩኸታቸው መሀል ላይ ነበር፤ ብርጭቆም አይደለም፣ እንጨትም አይደለም። ብልጭ በአንድ እጇ ይህንን፣ በሌላ እጇ ተራውን ይዛ ቆመች። ተራውን ብትወስድ አሁኑኑ ሄዳ መጀመር ትችላለች፤ ትንሽ እርጥበት ደንታም አይሰጠው። ሐይቁ ላይ ከሚሄዱት ጀልባዎች ግማሹ በእሱ የተሰፋ ይሆናል፤ ማን አየ? ይህንን ከወሰደች ደግሞ በእሳት ማድረቅ አለባት፤ ለማድረቅ ምድጃ ያስፈልጋታል፤ ምድጃው ጊዜ ይበላል፤ ጊዜው ደግሞ የላትም። እግሯ መሬት ይደበድባል። ባለሱቁ አንዴ እሷን፣ አንዴ በሩ ላይ የቆሙትን ሌሎች ደንበኞች ያያል። «አንዱን በይና» አላት። በዓይነ ሕሊናዋ የመጣባት የጀልባው ወለል ነበር፤ በከሰል ጆንያ ላይ የተቀመጡት የእህቷ ልጆች በማርማላታ እጃቸው። «ይሄንን ስጠኝ» አለችው፤ ላስቲኩ የተቀደደውን።

ምድጃ ያላቸው የምታውቃቸው ሰው እማማ ዱቄት ናቸው። ዳቦ ቤታቸው ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ ቅንድባቸው ዓመት ሙሉ ነጭ ስለሆነ እንዲህ ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ይወዱታል። የዳቦ ቤቱን በር ከሦስት ቤት ወዲያ ሆነው እንኳ በሙቀቱ ያውቁታል። ብልጭ ካርቶኑን አቅፋ ስትገባ እማማ ዱቄት የተጋገረውን በረጅም እንጨት አካፋ እያወጡ ነበር። ነገሩን ነገረቻቸው። አሮጊቷ አካፋቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው አንዱን ኤሌክትሮድ አገላብጠው አዩት፤ አሸተቱትም።

«ቀለም አለበት?»

«የለበትም።»

«ነገ ደንበኞቼ ዳቦሽ ጋራዥ ጋራዥ ይላል ቢሉኝ አንቺ ነሽ ቆመሽ የምትመልሺላቸው።»

«እመልሳለሁ።»

«እንግዲያው ዳቦው ወጥቷል፤ ከሚቀጥለው ሊጥ በፊት እሳቱን ጨምሬ አስገባልሻለሁ። ስንት ሰዓት ነው የሚፈልገው?»

«እስኪደርቅ።»

«አይ መልስ!» ብለው ሳቁ፤ ትሪ ግን ሰጧት። ብልጭ ኤሌክትሮዶቹን እንዳይነካኩ አድርጋ ደረደረቻቸው፤ እማማ ዱቄት ደግሞ እንደ ብስኩት አስተካክለው ወደ ውስጥ ገፏቸው። ከዚያ መጠበቅ መጣ። የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጠች፤ ተነሳች። ወደ ደጅ ወጣች፤ ፀሐይዋን አየች፤ ተመለሰች። ሥራ የፈታ እጇ ቦታ አጥቶ የጃኬቷን ዚፕ ከፍ ዝቅ ያደርጋል። እማማ ዱቄት ሊጣቸውን እየቆረጡ ስለ ጉልበታቸው ሕመም፣ ስለ እርሾ መወደድ፣ ስለ ጎረቤታቸው ውሻ አወሩላት። እሷም «እህ» ትላለች። ከዚያ፣ ሊጡን ዘወር ሲያደርጉት፣ «ፈጣኑን ደግሞ ቅድም ዳቦ ሲገዛ አገኘሁት» አሉ። ፈጣኑ የሚባለው በከተማው የታወቀ በያጅ ነው። «መኪናው ላይ ማሽኑን ጭኖ ወደ እናንተው ጀልባ ነው የምሄደው ብሎኛል። ጓደኛ አመጣሽ እንዴ?»

ብልጭ ዚፑን ለቀቀች። «ቅድም? ከምሳ በኋላ አይደለም?»

«ምን አውቄ! ስሙስ ፈጣኑ አይደል?»

ብልጭ ምድጃው አፍ ላይ ሄዳ ቆመች። ሙቀቱ ፊቷን ገረፈው። አሁን ብታወጣቸው ባጃጅ ይዛ ስፌቱን ሳይጀምር ትደርስበታለች። አንዱን በመቆንጠጫ አውጥታ በጨርቅ ያዘችና ከሌላው ጋር አጋጨችው። ቅድም ከነበረው ይሻላል፤ ግን ገና ነው። ደህና ነው ብላ ራሷን ልታሳምን ሞከረች፤ ደግማ አጋጨች፤ ጆሮዋ አልተቀበለም። በግማሽ የደረቀ ይዛ ሮጣ፣ «ተወው፣ እኔ ልሥራው» ልትል ነው? ኤሌክትሮዱን መለሰችው። «ጨምሩበት» አለች። አሮጊቷ ፊቷን አይተው ወሬያቸውን ትተው እሳቱን ጨመሩ። ብልጭ ጆንያው ላይ ተቀምጣ ሁለት እጇን ጭኗ መሀል ጨብጣ፣ እሾህ ላይ እንደተቀመጠ ሰው እየተቁነጠነጠች፣ ሌላ ሰው ሥራዋን ሲሠራ በሐሳቧ እያየች ጠበቀች። በመጨረሻ ሁለቱ ኤሌክትሮዶች እንደ ብርጭቆ ሲጮኹ እማማ ዱቄት ራሳቸው «ይሄማ ደርቋል!» አሉ። ትኩሱን በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ሞልተው፣ ክዳኑን ገጥመው፣ የዳቦ መሸፈኛ ብርድ ልብሳቸውን ጠቀለሉበት። «ብርድ ልብሴን ግን መልሺ» አሏት።

ሐይቁ ዳር ስትደርስ ነገሩ እንደፈራችው ነበር። ጀልባው በግንድ ተደግፎ ከፍ ብሎ ቆሟል፤ ከሥሩ ፈጣኑ በጀርባው ተንጋሎ ይበይዳል፤ ዓሣ አጥማጆችና ሥራ ፈቶች ዓይናቸውን በእጃቸው ከልለው ከበውታል። እትዬ ሻርፗን አጣፍታ ከዳር ቆማለች። ብልጭን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ፤ «ቶሎ መጣሽ» አለች። ብልጭ ቆርቆሮዋን ከነብርድ ልብሱ መሬት አስቀመጠች። ጎንበስ ብላ ፈጣኑ የጨረሰውን አየች። የብየዳው ቅርፊት ተነስቶለት ስፌቱ ያብለጨልጫል፤ ልክ በአንድ እጅ የተጎነጎነ ሹሩባ። እጅ አለው ሰውየው። ይህን መካድ አይቻልም፤ እሷም ልቧ ውስጥ አልካደችም።

«በምንድን ነው የምትበይደው ወንድሜ?» አለችው ማስኩን ሲያነሳ።

«በሰባ አሥራ ስምንት ነዋ። አንቺስ በምን ልትበይጂው ነበር?» አላት፤ ክፋት የለበትም፣ ላቡን እየጠረገ ነው። ከተከፈተው የመኪናው የኋላ ኮፈን ውስጥ ካርቶኑ ይታያል፤ ክዳን የለውም፤ አጠገቡ እርጥብ ጆንያና የዝናብ ካፖርት። ብልጭ ሁለት መዝዛ አጋጨች። ደፍ አሉ።

«ትሰሚያለሽ እትዬ?»

«ምኑን?»

«ድምፁን።»

«ብረት ነው፤ ምን ብሎ ይጩህ?» አለች እትዬ፤ ከከበቧቸው ሰዎች አንዳንዱ ሳቀ። ብልጭ መሬት ላይ ከወደቁት የላሜራ ቁርጥራጮች አራት አነሳች፤ ሁለቱን ለፈጣኑ ሰጠችው። «አንዱን ጠፍጣፋ በሌላው ላይ አቁመን በአንድ በኩል ብቻ እንበይድ፣ ከዚያ በመዶሻ እንስበረው» አለችው። ፈጣኑ ትከሻውን ነቀነቀ፤ የሰው ዓይን እያለ እምቢ የሚል በያጅ የለም። እሱ በሱ ኤሌክትሮድ በየደ፤ እሷም ከቆርቆሮዋ ትኩስ አውጥታ ጀልባው አጠገብ ባለው በራሷ ማሽን በየደች። የሱ ቀድሞ አለቀ፤ የሱ የበለጠ ያምራልም። መዶሻውን እሱ ራሱ አነሳ። የሱ በሁለተኛው ምት ተሰበረ። የእሷ ብዙ መመታት ፈለገ፤ ጎበጠ፣ ተጣመመ፣ በመጨረሻ ግን እሱም ተሰበረ።

«ያንቺም ተሰበረ» አለች እትዬ። ድምፅዋ ውስጥ ድል አልነበረም፤ ይልቅ የሚያሳዝን ነገር ነበረው፣ እንዳይሰበር ስትመኝ እንደቆየች ሰው።

«ይሰበራል። በአንድ ጎን ብቻ የተያዘ ነው፤ መሰበሩን አይደለም የምናየው። ውስጡን እዪ።» ሁለቱን ስብርባሪ ጎን ለጎን አድርጋ ዘረጋችላት። እትዬ ሻርፗን ወደ ኋላ መልሳ ጎንበስ አለች። የእሷ ስብራት ግራጫና ድፍን ነበር። የሱ ከላይ የሚያምረው ስፌት ሥር ነቀዝ የበላው ባቄላ መስሎ በጥቃቅን ቀዳዳ ተበሳስቷል። እትዬ ጣቷን ቀዳዳዎቹ ላይ አሳለፈች። የሚስቅ አልነበረም። ፈጣኑ ስብርባሪውን ከእጇ ተቀብሎ ወደ ብርሃን ዞሮ አየው፤ ረጅም ጊዜ አየው።

«ኮፈን ውስጥ ከርሞ ነው» አለ። «ለአጥር ቢሆን አይጎዳም ነበር።»

«ለጀልባስ?» አለች እትዬ።

«ይሄዳል እህቴ። እስከ መቼ ይሄዳል ካልሽኝ ግን አላውቅም፤ ዋሽቼ አልነግርሽም።» ማሽኑን መጠቅለል ጀመረ። እትዬ የድካሙን ስትሰጠው አልተከራከረችም፤ እሱም ሳያየው ኪሱ ከተተው። መኪናው ሲሄድ ከበው የነበሩትም አንድ ሁለት እያሉ ተበተኑ፤ ውሃው ዳር እህትማማቾቹና ጀልባው ብቻ ቀሩ።

ብልጭ ግራይንደሯን ሰክታ ፈጣኑ የሰፋውን መፋቅ ጀመረች። ብረቱ ሲፋቅ ያው ቀዳዳ ከሥር ብቅ ብቅ ይላል። ስትጨርስ ጩኸቱ ቆመ። እትዬ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ታያለች።

«ልጅ ናት አልሽው» አለች ብልጭ በመጨረሻ፤ ጀርባዋን ሰጥታ።

«ሰማሽኝ?»

«ግድግዳው ችፑድ ነው እኮ እትዬ።»

እትዬ ዓይኗን ከጫማዋ አነሳች። ከዚያ ስታወራ ያ ጎረቤት የሚሰማው ድምፅዋ አልነበረም። «ጀልባው ልጆቼን የማሳፍርበት ነው። እኔም የምሳፈርበት ነው። አንድ ቀን መሀል ሐይቅ ላይ ቢከፈት፣ ፈጣኑ የሠራው ከሆነ ሰው ፈጣኑን ይረግመዋል፤ አንቺም አብረሽ ትረግሚዋለሽ፤ ያልቃል። አንቺ የሠራሽው ከሆነስ? እኛ ሄደን አንቺ ያንን ተሸክመሽ ልትቀመጪ? ስንት ሌሊት ይሄንን ሳስብ እንዳደርኩ ታውቂያለሽ? ብየዳሽን አይደለም የጠላሁት። አንቺን እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ ማስገባት ነው የጠላሁት።»

ብልጭ ከጠዋት ጀምሮ በልቧ ስታዘጋጅ የዋለችው ንግግር ለንቀት የሚሆን መልስ ነበር፤ ይሄ ግን ንቀት አልነበረም።  ንዴቷ ግን አልወጣም፤ የሚያርፍበት አጥቶ ውስጧ ይዞራል። «የሱ እርጥብ መሆኑን እያወቅሁ፣ ላለመጣላት ብዬ ዝም ብል ኖሮስ?» አለች። «ያንንስ ማን ሊሸከመው ነበር?»

እትዬ ተነስታ ወደ ቆርቆሮው ሄደች፤ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጋ እጇን ክዳኑ ላይ አሳረፈች። «እየበረደ ነው» አለች። «ከበረደ በኋላ ደርቆ ይቀመጣል?»

«አይቀመጥም።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

ብልጭ ጀልባው ሥር ገብታ ተንጋለለች። ቀኑን ሙሉ ስትሮጥለት የዋለችው ሥራ አሁን ፊቷ ላይ ተዘርግቷል፤ ማንም አይቀማትም። ያን ጊዜ ነው ፍርሃቱ የመጣው። እትዬ ስንት ሌሊት ያሰበችውን እሷ አንድም ጊዜ አላሰበችውም ነበር። አሁን በአንድ ጊዜ አሰበችው፤ ውሃውን፣ ከሰሉን፣ ልጆቹን። አገጯን ነቅንቃ ማስኳን ፊቷ ላይ አወረደችና ኤሌክትሮዱን ብረቱ ላይ ጫረችው፤ ተጣበቀ። ወዘወዘችና ነቀለችው። ደግማ ጫረች፤ ደግሞ ተጣበቀ። 

«ምን ሆነ?» አለች እትዬ።

«ምንም። ዞር በይ፤ ዓይንሽን ያጠፋዋል።»

እትዬ ዞረች፤ ግን አልሄደችም። ባልዲዋን ጎትታ ጀልባው አጠገብ አስጠግታ፣ ጀርባዋን ላሜራው ላይ ደግፋ፣ ፊቷን ወደ ሐይቁ አድርጋ ተቀመጠች። ብልጭ እስኪረጋላት ተነፈሰች፤ በሦስተኛው ያዘላት። ብርሃኑ ተነሳ፤ ብረቱ ቀለጠ፤ ኤሌክትሮዱን አስጠግታ፣ ሳትቸኩል፣ ጣት በጣት እየገፋች ሄደች። አንዱ አልቆ ሌላ ስትቀይር የእትዬን እግር ታያለች፤ እዚያው ነው። ትንሽ ቆይቶ ሙቀቱ በላሜራው በኩል ወደ እህቷ ጀርባ ደርሶ መሰል፣ እትዬ ብድግ ስትል ሰማቻት። ሄደች ብላ አሰበች። ባልዲው መሬት ላይ ተጎተተ፤ ጥቂት ወደ ፊት፣ ስፌቱ ገና ወዳልደረሰበት ቀዝቃዛ ቦታ። እዚያ እንደገና ተደግፋ ተቀመጠች፤ ብልጭም ማስኳን ፊቷ ላይ አውርዳ ወደ እሷ አቅጣጫ መስፋቷን ቀጠለች።